ሦስት ካሜራ፣ አንድ ሰርግ፣ አምስት ዓይነት ፍሬም

ደብረ ብርሃን ላይ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሰርግ እንደ ጉድ ነው። ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ አዳራሽ አይገኝም፣ መኪና አይገኝም፣ ካሜራማንም አይገኝም። ስለዚህ አንዱ ሰርግ ከዚህም ከዚያም በተሰባሰቡ ልጆች ይቀረጽና ሁሉም ፋይሉን በፍላሽና በሃርድ ዲስክ ይዞ መጥቶ እኔ ጠረጴዛ ላይ ይቆልለዋል። አንዱ በሰከንድ 25 ፍሬም ቀርጿል፣ ፍሬም ማለት አንዷ ፎቶ ናት። አንዱ በ30። አንዱ «ስሎው ሞሽን ያምራል» ብሎ ቀኑን ሙሉ በ60። ድሮኑ በ24። ከዚያ ላይ ከውጭ የመጣች የሙሽራዋ የአክስት ልጅ በስልኳ የቀረጸችው አለ፣ እሱ ቁጥሩም በቅጡ አይታወቅም።

ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። በተለይ ሥራውን አዲስ ከጀመሩ ልጆች። «ቪዲዮዬ ይንቀጠቀጣል፣ ላፕቶፔ ደክሞ ነው?» «ስሎው ሞሽን ሳደርገው ለምንድን ነው እየተቆራረጠ የሚሄደው?» «ድምፁ መጀመሪያ ላይ ልክ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ከአፉ ጋር አይገጥምም።» ላፕቶፑ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው፣ ምንም አላጠፋም። ቁጥሩ ነው ያልገጠመው። እኔም ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ከዚህ በኋላ ለሚጠይቀኝ ሊንኩን እልካለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። ስሎው ሞሽን የሚሠራው ቀረጻ ላይ ነው፣ ኤዲቲንግ ላይ አይደለም። ኤዲተር ያለውን ፍሬም ይዘረጋል እንጂ ያልተቀረጸ ፍሬም ከየትም አያመጣም። አመጣለሁ የሚል ሶፍትዌር አለ፣ እሱን ኋላ እናየዋለን፣ ግን እሱም ቢሆን ግምት ነው። ይሄን ከተቀበላችሁ የቀረው ሂሳብ ነው፣ ያውም የሦስተኛ ክፍል ማካፈል።

ቪዲዮ የፎቶ ሰልፍ ነው። 25 ማለት በሰከንድ 25 ፎቶ ነው። ኤዲቲንግ ስትጀምሩ ታይምላይኑም፣ ክሊፖቹ የሚደረደሩበት መስመር፣ የራሱ ቁጥር አለው፣ 25 ካላችሁት በሰከንድ 25 ቦታ ብቻ አዘጋጅቷል ማለት ነው። አሁን በ30 የተቀረጸ ክሊፕ አምጥታችሁ እዚያ ላይ ጣሉት። ስድስት ሰው አምስት ወንበር ላይ እንደማስቀመጥ ነው፣ አንዱ መቆሙ አይቀርም። ሶፍትዌሩ ከየስድስቱ አንዱን ፍሬም ይጥላል፣ በሰከንድ አምስት ፍሬም ይጠፋል። ሽማግሌው ተቀምጠው እየመረቁ ከሆነ ማንም አያየውም። ሙሽሮቹ የተቀመጡበት ጋሪ በካሜራው ፊት ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ ግን ያስታውቃል፣ ፈረሱ በየመሃሉ ጠልፎ የጣለው ነገር ያለ ይመስል ጎንበስ ጎንበስ ይላል። ሰው ምክንያቱን አያውቅም፣ ዓይኑን ግን ይቆረቁረዋል።

የ60ው ደግሞ የባሰ ነው። 60ን ለ25 ስታካፍሉ 2.4 ይመጣል። ሙሉ ቁጥር አይደለም። ስለዚህ ሶፍትዌሩ አንዴ ሁለተኛውን፣ አንዴ ሦስተኛውን ፍሬም እየመረጠ ይሄዳል፣ እርምጃው እኩል አይሆንም። ቀኑን ሙሉ በ60 የቀረጸው ልጅ ጥሩ ያደረገ መስሎታል፣ ግን በተለመደው ፍጥነት የሚታየው ነገር ሁሉ ትንሽ ትንሽ ያነክሳል። 50 ቢያደርገው ኖሮ? 50 ለ25፣ ሁለት። አንድ እየተዘለለ አንድ ይወሰዳል፣ አለቀ። እኩል ነው፣ ዓይን አይከፋውም። 60 ከ50 በቁጥር ይበልጣል፣ እዚህ ሥራ ላይ ግን 50 ነው የሚሻለው።

«ታዲያ ለምን 25? እኔ የማየው ቲክቶክ ሁሉ 30 ነው፣ ሲኒማው 24 ነው» የሚለኝ አለ። መልሱ ግድግዳችሁ ላይ ያለው ሶኬት ነው። የእኛ ሀገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ በሰከንድ 50 ዙር ማለት ነው፣ የአሜሪካ 60። የጥንቶቹ ቴሌቪዥኖች ከመብራቱ ጋር እንዲስማሙ ተደርገው ነው የተሠሩት፣ ስለዚህ አውሮፓ 25 ሆነ፣ አሜሪካ 30። አሜሪካኖቹ በ1953 ከለር ቴሌቪዥን ሲያጸድቁ ደግሞ የከለሩና የድምፁ ሲግናል እንዳይጋጭባቸው 30ውን ትንሽ ዝቅ አድርገው 29.97 አደረጉት፣ እስከ ዛሬ ካሜራችሁ ላይ ያለው ያ ግራ የሚያጋባ ቁጥር ከዚያ የቀረ ነው። ካሜራው «60» ቢላችሁም አብዛኛውን ጊዜ 59.94 ነው፣ «24» ካላችሁም 23.976። እኛ ደግሞ ቴሌቪዥናችን ሲጀመር ጀምሮ በ25ቱ መንገድ ነው የሄድነው። ካሜራ ሜኑ ውስጥ ፓል (የ25ቱ መንገድ) እና ኤንቲኤስሲ (የአሜሪካኖቹ) የሚል ምርጫ አለ አይደል? ፓል ስትሉት 25፣ 50፣ 100 ይሰጣችኋል። ኤንቲኤስሲ ስትሉት 24፣ 30፣ 60፣ 120። ከውጭ በሰው እጅ የመጣ ካሜራ ብዙ ጊዜ በኤንቲኤስሲ ተሞልቶ ነው የሚመጣው፣ ገዢውም እንደመጣ ይሠራበታል። ስትቀይሩት አንዳንዱ ካሜራ «ሜሞሪውን ፎርማት አድርግ» ይላል። ስለዚህ እቤታችሁ ሆናችሁ ቀይሩት፣ ሙሽራው ከመኪና እየወረደ አይደለም።

«ቴሌቪዥን ላይ አይታይ፣ ምን አገባኝ» ካላችሁ ደግሞ አዳራሹ አለ። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በየዙሩ ሁለቴ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ዓይናችን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል። በ25 ቀርጻችሁ ሸተሩን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ካደረጋችሁ ችግር የለም። በ50 ቀርጻችሁ 1/100፣ አሁንም ችግር የለም፣ እያንዳንዱ ፍሬም እኩል ብርሃን ይደርሰዋል። በ60 ቀርጻችሁ 1/125 ስታደርጉ ግን ፍሬሙና አምፖሉ መተላለፍ ይጀምራሉ፣ አንዱ ፍሬም ብሩህ፣ አንዱ ጨለም ያለ ይሆናል፣ ወይም ከላይ ወደ ታች የሚሄድ ጥቁር መስመር ይታያችኋል። በ60 መቅረጽ የግድ ከሆነባችሁ ቢያንስ ሸተሩን 1/100 ላይ አቁሙት።

በ120 ሲሆን ደግሞ ማምለጫ የለም። በሰከንድ 120 ፍሬም ለመቅረጽ ሸተሩ ቢያንስ 1/120 መሆን አለበት፣ ከዚያ በላይ ተከፍቶ መቆየት አይችልም። አምፖሉ 100፣ ካሜራው 120፣ ልዩነታቸው 20። በሰከንድ 20 ጊዜ ይተላለፋሉ ማለት ነው። እሱን 25 ላይ ስትዘረጉት አምስት ጊዜ ያህል ይዘገያል፣ ስለዚህ በሰከንድ አራት ጊዜ ገደማ ጨለም በራ፣ ጨለም በራ የሚል ቪዲዮ ታገኛላችሁ። ኬኩ ሲቆረስ በ120 የተቀረጸ ቪዲዮ መጥቶልኝ ያውቃል፣ ሙሽሮቹ ፊት ላይ የሆነ ሰው ባትሪ እያበራ የሚያጠፋ ነበር የሚመስለው። በ100 ቢቀረጽ ይሄ አይመጣም ነበር፣ ምክንያቱም 100 እና 100 እኩል ናቸው። ፍሊከር የሚሉትን ይሄን ብልጭታ የሚያጠፋ ሶፍትዌር አለ፣ ግን ውድ ነው፣ ላፕቶፑንም ያስለቅሰዋል፣ ሁልጊዜም አይሳካለትም። የዲጄው ከለር መብራት ደግሞ የራሱ ጉድ ነው፣ እሱ እንደ ርካሽነቱ በፈለገው ቁጥር ነው ብልጭ የሚለው፣ ለእሱ ሂሳብ የለኝም። ሞክሮ አይቶ ሸተሩን መነካካት ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ መዘርጋቱ። ሰዉ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በ60 የተቀረጸውን ክሊፕ ይዞ ስፒዱን 50 ፐርሰንት ያደርገዋል። ለምን? ግማሽ የምትለዋ ቁጥር ለጆሮ ስለምትጥም ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። 60 በግማሽ 30 ነው። 30ውን ደግሞ 25 ቦታ ላይ ማስቀመጥ ነው፣ እንደገና ከየስድስቱ አንዱ ይወድቃል። «ስሎው ሞሽኑ ይቆራረጣል» የሚሉኝ እነዚህ ናቸው። ትክክለኛው 41.7 ፐርሰንት ነው፣ ያኔ እያንዳንዷ የተቀረጸች ፍሬም አንድ ቦታ ታገኛለች፣ የሚጣል የለም፣ የሚደገም የለም። የ50ው 50 ፐርሰንት፣ የ100ው 25 ፐርሰንት፣ የ120ው 20.8 አካባቢ። ደንቡ ቀላል ነው፣ የታይምላይኑን ቁጥር ለክሊፑ ቁጥር አካፍሉት፣ የሚመጣው ፐርሰንት ለስላሳው ዘገምታ ነው። ከዚያ በታች ከወረዳችሁ ፍሬም መደገም ይጀምራል፣ ምስሉ ይንጠባጠባል።

ፐርሰንት መጻፍ የሚሰለቸው ሰው ሌላ መንገድ አለው፣ እኔም የምጠቀመው እሱን ነው። ፕሪሚየር የሚባለው የኤዲቲንግ ሶፍትዌር ላይ ክሊፑን ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ሞዲፋይ፣ ከዚያ ኢንተርፕሪት ፉቴጅ፣ እዚያ 25 ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ ክሊፕ አትሪቢዩትስ ይባላል። ሶፍትዌሩን «ይሄ በ25 የተቀረጸ ነው ብለህ ቁጠረው» ማለት ነው፣ እሱም ፍሬሞቹን አንድ በአንድ ይደረድራቸዋል። 59.94 ይሁን 119.88 ራሳችሁን አታደክሙም። ግን ድምፅ ባለበት ክሊፕ ላይ በፍጹም እንዳትነኩት። የአባቶችን ምርቃት በ30 ተቀርጾ መጥቶ 25 ነው ብላችሁ ብትነግሩት ምርቃቱ ይጎተታል፣ ድምፃቸውም ከሌላው ካሜራ ጋር አይገናኝም። ንግግር ያለበት ነገር በተቀረጸበት ፍጥነት ይቀመጥ፣ የሚወድቀው ፍሬም ይውደቅ። ያለ ድምፅ የምትጠቀሙበትን ግን፣ ለምሳሌ የአንኮበርን ተራራ ወይ የጣርማበርን ጉም በ30 የተቀረጸ ከሆነ 83.4 ፐርሰንት አድርጉት። ትንሽ ዘገም ይላል፣ ለስላሳ ይሆናል፣ ጉም ቢዘገይ ደግሞ ማን ቅር ይለዋል።

ዘገም ማድረግ የሚቻል ሁሉ ግን መዘግየት አለበት ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። የሰርግ ቪዲዮ ሙሉውን ስሎው ሞሽን ካልሆነ ክፍያ የማይገባው የሚመስለው ኤዲተር አለ። ሙሽሪት ትሄዳለች፣ ዘገም። ሚዜው ሰዓቱን ያያል፣ ዘገም። ሰው ዶሮ ወጥ ይጎርሳል፣ ዘገም፣ እሱማ ባይታይ ይሻል ነበር። እስክስታውን ስታዘገዩት ምን እንደሚሆን አይታችኋል? እስክስታ ትከሻው ከከበሮው ጋር ሲገናኝ ነው እስክስታ የሚሆነው። 25 ፐርሰንት ስታደርጉት ምቱ ይጠፋል፣ ትከሻ ላይ የሆነ ነገር ያሳከከው ሰው ይመስላል። አንድ ጊዜ አንድ የሙሽራ አጎት ፉከራቸውን በስሎው ሞሽን አዩት። ጎበዝ ፎካሪ ናቸው፣ ዱላቸውን ሲያወዛውዙ አዳራሹ ይነቃነቃል። ዝም ብለው እስከ መጨረሻው አዩና «አንተ ልጅ፣ እኔ እንዲህ ነው እንዴ የምፎክረው? በሽተኛ አስመሰልከኝ እኮ» አሉኝ። «ጋሼ፣ አሁኑኑ እመልሰዋለሁ» አልኳቸው። መለስኩት። እውነታቸውን ነው። ፉከራ ፍጥነትና ድምፅ ነው፣ ሁለቱንም ወስጄባቸው ምን ይቀራል።

ሆታው ላይ ግን ሌላ ነው። የመንዝ ልጆች ክብ ሠርተው ሲዘሉ፣ ዝላዩ ጫፍ ላይ ሲደርስ አንድ አፍታ ሁሉም አየር ላይ ናቸው፣ ጋቢው ከትከሻ ተነስቶ ገና አልወረደም። ይቺ አፍታ በዓይን አትያዝም። በ100 ከተቀረጸች ግማሽ ሰከንዷ ሁለት ሰከንድ ትሆናለች፣ ሁለት ሰከንድ ደግሞ ይበቃታል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፣ ሲሮጡና ሲነሱ በተለመደው ፍጥነት እተወዋለሁ፣ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ወደ 25 ፐርሰንት አወርደዋለሁ፣ እግራቸው መሬት ሲነካ ከከበሮው ምት ጋር ወደ 100 እመልሰዋለሁ። ድምፁን ከሌላው ካሜራ እወስዳለሁ፣ አይቋረጥም። ስፒድ ራምፕ የሚሉት ይሄን ነው። ክሊፑ በ50 ወይም በ100 መቀረጽ አለበት፣ በ60 ከሆነ በተለመደው ፍጥነት ያለው ክፍል ቅድም እንዳልኩት ያነክሳል።

ዘገምታ የሚገባቸው ሌሎችም አሉ። የቬሉ ጫፍ በደብረ ብርሃን ነፋስ ሲነሳ። የሚበተን አበባ ወይ ፈንዲሻ። የፈረስ ጋማ። የእናት እጅ የልጇን ፊት ሲነካ፣ እሱ በ50 ይበቃዋል፣ ከዚያ በላይ ካዘገያችሁት ስሜቱን በግድ የምታስለቅሱበት ይመስላል። እልልታ ግን ተዉት። አፍ ሲንቀሳቀስ ድምፅ ከሌለ እልልታ አይመስልም፣ ምን እንደሚመስል እናንተ ጨምሩበት።

በነገራችን ላይ ስሎው ሞሽንን ለመጀመሪያ ጊዜ ፓተንት ካወጡለት ሰዎች አንዱ ቄስ ነበሩ። አውጉስት ሙስገር ይባላሉ፣ አውስትሪያዊ ካቶሊክ ቄስና የፊዚክስ መምህር፣ በ1904 በፈረንጅ። ያኔ ካሜራው በእጅ ይዞር ነበር፣ ፊልሙን በፍጥነት እያሮጡ መቅረጽ፣ በዝግታ ማሳየት። ሐሳቡ ዛሬም ያው ነው፣ ሜኑው ብቻ በዛ።

ከሰርግ ውጭ ስሎው ሞሽን እንደ ስሙ የሚሆንበት ቦታ ካለ ጓሳ ነው። ወደ መንዝ ከሄዳችሁ ካሜራችሁን ያዙ። ጭላዳው ሲቆጣ የላይኛውን ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ያሳያል፣ ብልጭ አድርጎት መልሶ ይሸፍነዋል። በ25 ከቀረጻችሁት ጥቂት ፍሬም ብቻ ነው የምታገኙት፣ አልታየም ማለት ይቻላል። በ100 ግን ከንፈሩ ሲገለበጥ፣ ጋማው ሲነሳ ሁሉን ታዩታላችሁ። ቀን ላይ አምፖል ስለሌለ 120ም ችግር የለውም፣ ፍሊከር የለም፣ በ20.8 መዘርጋቱን ብቻ አትርሱ። እዚያ ያለው ችግር ሌላ ነው። ጓሳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሰማዩ ሲጠራ ፀሐዩ ዓይን ይወጋል። ሸተሩ የፍሬሙ ቁጥር እጥፍ ቢሆን ነው ጥሩ፣ ለ100 ፍሬም 1/200 ማለት ነው። በዚያ ፀሐይ 1/200 ካላችሁ ምስሉ ነጭ ይሆናል። ስለዚህ ካሜራው በአውቶ ከሆነ 1/2000 ምናምን ውስጥ ይገባል፣ እንቅስቃሴው ደረቅ ይሆናል፣ እያንዳንዱ ፍሬም የተቆረጠ ፎቶ ይመስላል። ኤንዲ ፊልተር ያስፈልጋል፣ ሌንሱ ፊት ላይ የሚገጠም ጥቁር መስታወት። ከሌላችሁ ማለዳ ወይ አመሻሽ ጠብቁ። ብርዱን ግን ከአሁኑ ቻሉት፣ ባትሪም ትርፍ ያዙ፣ ውርጭ ላይ ቶሎ ነው የሚያልቀው።

አሁን ወደ ግምቱ እንሂድ። «በ25 ነው የተቀረጸው፣ ግን ስሎው ሞሽን ፈልገዋል።» ይሄ ጥያቄ የማይመጣበት ሰርግ የለም። ሦስት ምርጫ አለ። አንደኛው ፍሬሙን መድገም ነው፣ ምስሉ ይንጠባጠባል። ሁለተኛው ፍሬም ብሌንዲንግ፣ ሁለቱን ጎረቤት ፍሬሞች ደራርቦ አንድ መሃለኛ ይሠራል፣ ሰውየው ጥላ ያለው ይመስላል። ሦስተኛው ኦፕቲካል ፍሎው ነው። ይሄኛው እያንዳንዱ ነጥብ ከዚህ ፍሬም ወደዚያ ፍሬም የት እንደሄደ አጥንቶ መሃል ላይ ሊሆን የሚችለውን ፍሬም ፈጥሮ ይስላል። ሲሳካለት አፍ ያስይዛል። ድሮኑ በቀስታ ሜዳ ላይ ሲያልፍ፣ ሙሽሪት ብቻዋን ንጹሕ ግድግዳ ፊት ስትዞር፣ እዚያ እመኑት። ካፕከት ላይም ስፒድ ውስጥ ስሙዝ ስሎው ሞሽን የሚል አለ፣ ያው ዘመዱ ነው።

ሲያቅተው ግን ጉድ ያመጣል። እጅ በፊት ላይ ሲያልፍ ጣቱ ጉንጩ ላይ ይቀልጣል። የነጠላ ዘርፍ እንደ ውሃ ይፈሳል። የጥና ጭስ ይጎመዳል። አሥር ሰው በአንድ ላይ እስክስታ ሲወርድ ክንዱ የማን እንደሆነ ይጠፋበታል፣ አራት እጅ ያለው ሚዜ ይፈጥርላችኋል። የጭላዳ ጋማም አይሆንለትም። በዚያ ላይ ሬንደሩ፣ ቪዲዮውን አስልቶ ማውጣቱ፣ ይጎተታል፣ መብራት ሄዶ ላፕቶፑ በባትሪ ከሆነ ደግሞ አስቡት። ሪዞልቭ ላይ ስፒድ ዋርፕ የሚባል የተሻለ አለ፣ የሚከፈልበት ስሪት ላይ ነው። እኔ አንድ ክሊፕ ላይ ሞክሬ ጣት ካልቀለጠ እተወዋለሁ፣ ከቀለጠ ክሊፑን በተለመደው ፍጥነት አጠር አድርጌ እቆርጠዋለሁ። ሙሽሮቹ ለምን አልዘገየም ብለው የጠየቁኝ ጊዜ የለም። አራት እጅ ቢያዩ ግን ይደውላሉ።

የስልኩ ነገር ቀርቷል። ካሜራ 25 ካለ 25 ነው። ስልክ ግን እንደ ብርሃኑ ይለዋወጣል፣ 30 ነው ብሎ ጀምሮ ጨለም ሲልበት ወደ 24 ይወርዳል፣ ሲሞቅበት ፍሬም ይዘላል። ቫሪያብል ፍሬም ሬት ይሉታል። «ድምፁ መጨረሻ ላይ አይገጥምም» የሚለው በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው። በ30 የተቀረጸ የካሜራ ክሊፕ 25 ታይምላይን ላይ ድምፁ አይንሸራተትም፣ ፍሬም ይጥላል እንጂ ርዝመቱ ያው ነው። የስልክ ክሊፕ ግን አንዳንዱ ሶፍትዌር ፍሬሙን እኩል ነው ብሎ ስለሚቆጥረው፣ ረዘም ሲል ምስሉና ድምፁ ይለያያሉ። ሚዲያኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ፋይሉን ስታስገቡበት ቫሪያብል መሆኑን ይነግራችኋል። ከሆነ መድኃኒቱ ሃንድብሬክ ነው፣ እሱም ነጻ ነው። ኮንስታንት ፍሬም ሬት የምትለዋን ትመርጣላችሁ፣ ቁጥሩን 30 ትሉታላችሁ፣ ኳሊቲውን ከፍ አድርጋችሁ ትቀይሩታላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ኤዲቲንግ የሚገባው። 25 አድርጎ መቀየርም ይቻላል፣ እኔ ግን ፍሬም መጣሉን ለኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ እተወዋለሁ፣ እዚያ ምርጫ አለኝ።

ዘመዶቻችሁ ደግሞ በቴሌግራም ሲልኩላችሁ «እንደ ፋይል ላኪልኝ» በሏቸው። እንደ ቪዲዮ ከተላከ ይጨመቃል፣ ጥራቱ ይወርዳል። ስልካቸው አይፎን ከሆነና ከሰርጉ በፊት ካገኛችኋቸው ሴቲንግ ውስጥ ካሜራ ላይ የፓል ፎርማቶችን የሚያሳይ ምርጫ አለ፣ እሱን ስታበሩት 25 ይወጣል። የአክስቴ ልጅ ስልክ ላይ ይሄን አድርጌ «ስልኬን ምን አደረግከው» ብላ ለአንድ ሳምንት ተጠራጥራኛለች፣ ግን ቪዲዮዋ ከካሜራው ጋር ያለ ችግር ገባ።

ሥራውን ስትጀምሩ ታይምላይኑን ራሳችሁ ክፈቱት። ፕሪሚየርም ሪዞልቭም የመጀመሪያውን ክሊፕ ስታስገቡ ቁጥሩ ካልገጠመ «ልቀይረው?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ሰዉ ሳያነብ እሺ ይላል፣ የመጀመሪያው ክሊፕ የድሮኑ ከሆነ ሙሉ ሰርጉ 24 ሆኖ ይቀራል። ሪዞልቭ ላይ ደግሞ ክሊፕ ከገባ በኋላ የፕሮጀክቱን ቁጥር መቀየር አይቻልም፣ ይቆለፋል። መጀመሪያ 25 ብላችሁ አስቀምጡ፣ ከዚያ ጥያቄው ሲመጣ አይሆንም በሉት። ካፕከት ላይም 30 ላይ ከሆነ ቀይሩት።

ኤክስፖርት ላይ 25 የሠራችሁትን 25 አድርጋችሁ አውጡ። «ዩቲዩብ 30 ይፈልጋል»፣ «60 ካደረግከው ጥራት ይጨምራል» የሚሉትን አትስሙ፣ ዩቲዩብ 25ን ያለ ችግር ይቀበላል፣ 60 ማድረግ ደግሞ የሌለውን ፍሬም መድገም ነው፣ ፋይሉ ይወፍራል እንጂ ሌላ የሚጨምረው የለም። ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ከማስረከባችሁ በፊት ቴሌቪዥን ላይ ሰክታችሁ ሁለት ቦታ ብቻ እዩ፣ ካሜራው እየዞረ የቀረጸውንና የመጨረሻውን ንግግር። አንዱ የወደቀ ፍሬም ያሳያችኋል፣ አንዱ የተንሸራተተ ድምፅ። ሁለቱ ደህና ከሆኑ ደውሉላቸው፣ መጥተው ይውሰዱ፣ ቀሪውንም ክፍያ ይዘው ይምጡ።